ሳንመዝን የጎተትነው፦ ፒክአፕ ላይ ጋንቾ ስለማሰር

የዛሬው የቡና፣ የበቆሎና የኑግ ዋጋ እንደተለመደው ማታ 1 ሰዓት ላይ ይለቀቃል። ከዚያ በፊት ሰሞኑን በውስጥ መስመር ደጋግማችሁ ያነሳችሁትን አንድ ጥያቄ ልመልስ። ጥያቄው እንዲህ ነው፦ "የእሸት ወቅት እየደረሰ ነው። ፒክአፔ ላይ ጋንቾ አሳስሬ ትንሽ ተሳቢ ብጎትት ያዋጣኛል ወይ?" አንድ መሠረታዊ ማኅበርም ሦስት መኪኖቹ ላይ በአንዴ ሊያሳስር እንደተዘጋጀ ነግሮኛል።

አጭሩ መልስ "ያዋጣል" ነው። ረጅሙን መልስ ግን የተማርኩት በረዳቴ እጅ ነው። ሲባል የሰማሁት አይደለም፣ የተሰበረ እጅ ነው የምላችሁ። ስለዚህ ትንሽ ታገሱኝና ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

እሸት አይጠብቅም

የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቅምት ወር፣ ከአጋሮ ወጣ ብሎ ካለ ፈቃድ ያለው ማጠቢያ ጣቢያ ጋር ተዋውዬ እሸት ማመላለስ ጀመርኩ። ገበሬው ጠዋት ይለቅማል፣ ከሰዓት በኋላ መንገድ ዳር አውጥቶ ያስመዝናል፣ እኔ ጭኜ ጣቢያ አደርሳለሁ። ሥራው ሲያዩት ቀላል ነው። ጣጣው ሰዓቱ ላይ ነው። ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት። ጆንያ ውስጥ ታፍኖ ካደረ ይሞቃል፣ ይብላላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ላኪዎች ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ቀማሹ ሲኒው ላይ የኮመጠጠ ጠረን ካገኘ ያ ቡና ደረጃው ወረደ ማለት ነው። ጥቂት ጆንያ ያደረ እሸት ከደህናው ጋር ተቀላቅሎ ከገባ ደግሞ የገንዳውን ሁሉ ስም ያጠፋል።

ክብደቱንም አስቡት። በግምት 6 ኪሎ እሸት 1 ኪሎ ንጹህ ቡና ይወጣዋል። ስለዚህ አንድ ኩንታል እሸት ማለት አንድ ፈረሱላ፣ 17 ኪሎ ገደማ ንጹህ ቡና ማለት ነው። የምንሸጠው አንድ ፈረሱላ፣ በጭቃ መንገድ የምንጎትተው አንድ ኩንታል። እሸት ላይ የማጓጓዣ ወጪ የሚያንገበግበው ለዚህ ነው።

ያን ዓመት ዝናቡ ቶሎ አላባራም። የኢሱዙ ሹፌሮቹ "መንገዱ ካልደረቀ አንወርድም" አሉ። የኔ ደብል ጋቢና ሃይሉክስ በአራቱም ጎማ ስለሚነዳ ይወርዳል፣ ግን ካሶኒው የሚይዘው 7 ኩንታል ነው። ታዲያ አንድ ወዳጄ ድሮ የውኃ ሮቶ ይጎትትበት የነበረ ባለ ሁለት ጎማ ተሳቢ ነበረው፣ በርካሽ ገዛሁት። ጋንቾ ለማሰር አንድ በያጅ ጋ ሄድኩ። የኋላ ፓራውልቱ ላይ ወፍራም ላሜራ በየደበት፣ ኳሱን አሰረበት፣ አለቀ። 40 ደቂቃ አልፈጀም። ሌላ ቦታ የተጠራልኝ ዋጋ የዚህ አምስት እጥፍ ስለነበር ደስ ብሎኝ ወጣሁ። ደላላ አይደለሁ? ዋጋ ያስቀነስኩ ቀን ሁሉ ያተረፍኩ ይመስለኛል።

ሁለት ሳምንት ሠራሁበት። ካሶኒው ላይ 7፣ ተሳቢው ላይ 10 ኩንታል። ረዳቴ የ19 ዓመት ልጅ ነው። ጋቢናው በገበሬ ስለሚሞላ እሱ ተሳቢው ላይ፣ ጆንያው አናት ላይ ነበር የሚቀመጠው። ማንም "ተው" አላለኝም፤ እኔም ለራሴ አላልኩም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ዳገት እየወጣሁ "ጧ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። መኪናው በአንዴ ቀለለኝ። በስፖኪዮ ሳይ ተሳቢው ወደ ኋላ እየተንከባለለ ነው። ሰንሰለት አላሰርኩም። ልጁ ዘለለና ቦይ ውስጥ ወደቀ። ተሳቢው የቡና አጥር ጥሶ አንድ ዋንዛ ላይ ተጋጭቶ ቆመ። ከዛፉ ሃያ እርምጃ ያህል ወረድ ብሎ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ነበሩ። እነሱን እስከ ዛሬ በሕልሜ አያቸዋለሁ።

የልጁ ቀኝ እጅ ከአንጓው በላይ ተሰብሯል። ያን ሌሊት ጅማ ሆስፒታል አደርን። እሸቱ መንገድ ላይ ተደፋ፣ ለገበሬዎቹ ግን ሙሉ ሂሳባቸውን ከፈልኩ፤ ከተመዘነ በኋላ ያለው ጉዳት የኔ ነው። ገንዘብ ነው፣ ይመለሳል። ያልተመለሰልኝ ሽማግሌ ይዤ እናቱ ቤት የሄድኩ ቀን የሰማሁት ነው። አልጮኹም፣ አልሰደቡኝም። ቡና አፍልተው አቀረቡልን፣ ሁለተኛው ሲኒ ላይ ሲደርሱ "ልጄ፣ ሥራ ይማርልኛል ብዬ ነው የሰጠሁህ። ከጆንያ ጋር ጫንልኝ አላልኩህም" አሉኝ። ሽማግሌዎቹም እኔም አንገታችንን ደፋን።

ብረቱ መቼ ተሰበረ?

ከጥቂት ቀን በኋላ የተገነጠለውን ላሜራ ይዤ ጅማ ወደሚሠሩ አንድ አዛውንት መካኒክ ሄድኩ። ጋሼ ብረቱን ተቀብለው ወደ ብርሃን አዞሩት። ስብራቱ ሁለት መልክ አለው፤ ግማሹ ቡናማ፣ ዝገት የያዘው፣ ግማሹ እንደ አዲስ ብረት የሚያብረቀርቅ።

"አየህ ልጄ፣ ይሄ ያን ቀን አልተሰበረም። ቡናማው ቀድሞ የተሰነጠቀው ነው። በየጉድጓዱ ትንሽ ትንሽ ሲበላ ከርሞ፣ ያን ቀን የተቆረጠችው የተረፈችዋ ናት። አንድ ጠዋት ጎንበስ ብለህ ብታይ ታገኘው ነበር" አሉኝ።

ቀጠሉ። "ስንት ጭነህ ነበር?" "10 ኩንታል።" "ተሳቢው ባዶውን ስንት ይመዝናል?" ዝም አልኩ። "ኳሱ ላይ ስንት ኪሎ ያርፋል?" አሁንም ዝም። "የሰው ቡና እስከ ግማሽ ኪሎ ትከራከርበታለህ፣ የራስህን ተሳቢ አንድ ቀን ሚዛን ላይ አላወጣኸውም" ብለው ሳቁብኝ። ሳቁ ከስድብ ይብሳል።

ከዚህ በታች ያለው ያኔ እሳቸው ጋ ተቀምጬ የተማርኩትና ከዚያ ወዲህ የምሠራበት ነው።

1. መጀመሪያ ሂሳቡ

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት የመኪናውን መጽሐፍ ክፈቱ። ሦስት ቁጥር ነው የምትፈልጉት፦ መኪናው ከነጭነቱ እስከ ስንት ሊመዝን እንደሚችል፣ ፍሬን የሌለው ተሳቢ እስከ ስንት ኪሎ፣ የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ እስከ ስንት ኪሎ እንደሚጎትት። እኛ በምንነዳቸው ብዙ ፒክአፖች ላይ ፍሬን ለሌለው ተሳቢ የተፈቀደው 750 ኪሎ ነው። ልብ በሉ፣ ይሄ የተሳቢውን የራሱን ክብደት ይጨምራል። የኔ ተሳቢ ባዶውን ሲመዘን 280 ኪሎ ሆነ። ከ750 ላይ 280 ሲነሳ የሚቀረው 470 ኪሎ ነው፤ አራት ኩንታል ተኩል ከምናምን። እኔ 10 ኩንታል ነበር የምጭነው።

ከዚያ በላይ መጎተት የፈለገ ሰው የራሱ ፍሬን ያለው ተሳቢ ይግዛ። መኪናው ሲይዝ ተሳቢው በራሱ ግፊት ፍሬኑን የሚጫንበት ዓይነት አለ። ዋጋው ይለያል፣ ግን ሥራውም ይለያል።

ሌላው የኳሱ ሸክም ነው። ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት 10 በመቶ አካባቢው ኳሱ ላይ ማረፍ አለበት፤ 750 ከሆነ 75 ኪሎ። ይሄ ሸክም ካሶኒው ላይ እንደተጫነ ነው የሚቆጠረው። እንዲያውም ከዚያ ይከፋል፣ ምክንያቱም ኳሱ ከኋላ ጎማ ወዲያ ስለሆነ እንደ ሚዛን ዘንግ ይሠራል። በፊትና በኋላ ጎማ መካከል 3 ሜትር ቢኖር፣ ኳሱ ደግሞ ከኋላ ጎማ 1.2 ሜትር ቢርቅ፣ ኳሱ ላይ ያረፈ 100 ኪሎ የኋላውን ጎማ በ140 ኪሎ ይጫነዋል፣ ከፊቱ ጎማ ላይ 40 ኪሎ ያነሳል። ፊት ሲቀል መሪ ይቀላል፣ የፊት ፍሬንም በደንብ አይዝም። ካሶኒውን ጢም አድርጎ ሞልቶ ተሳቢ መጨመር ባሌስትራ ብቻ ሳይሆን ሰውም ይሰብራል።

2. ፓራውልት ላይ አይታሰርም

ፓራውልት ግጭት ለመቀበል የተሠራ ነው፣ ለመጎተት አይደለም። ጋንቾው የሚታሰረው ሻሲው ላይ፣ በግራና በቀኝ፣ በብሎን ነው። ለመኪናው ሞዴል ተብሎ የተሠራ ጋንቾ ሻሲው ላይ አስቀድሞ ካሉት ቀዳዳዎች ጋር ይገጥማል። ካልገጠመ ያ ብረት የእናንተ አይደለም፣ መልሱት። የሻሲውን የላይና የታች ጠርዝ በትራፓኖ መብሳት ወይም ሻሲ ላይ መበየድ አይፈቀድለትም፤ ጠርዙ ነው ጭነቱን የሚሸከመው፣ የብየዳ እሳት ደግሞ ዙሪያውን ያለውን ብረት ጠባዩን ይለውጠዋል።

ብሎኑን ጭንቅላቱ ላይ አንብቡ። 8.8 ወይም 10.9 የሚል ካለበት ደረጃ ያለው ነው። 8.8 ማለት ብሎኑ እስኪበጠስ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 80 ኪሎ ገደማ ይችላል ማለት ነው። ምንም ያልተጻፈበት ብሎን እንደ ደረጃ አልባ ቡና ቁጠሩት፤ ምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም።

3. አሠራሩ

ሥራው እንዲህ ነው የተሠራው። መኪናው ሜዳ ላይ ቆሞ፣ የፊት ጎማው ድንጋይ ተደርጎበት፣ ኋላው በክሪክ ከተነሳ በኋላ በቋሚ መደገፊያ ተያዘ። በክሪክ ብቻ ከተያዘ መኪና ሥር ማንም አይግባ። ስኮርታው ወረደ፣ ቦታ እንዲሰጥ። ሻሲው በሽቦ ብሩሽ ተፍቆ ጭቃና ዝገቱ ለቀቀ፣ ምክንያቱም በጭቃ ላይ የጠበቀ ብሎን ጭቃው ሲወድቅ ይላላል። ከዚያ ሁለት ሰው ጋንቾውን አንስቶ ይዞ፣ ሁሉም ብሎን ከነሮንዴላውና ከነዳዶው በእጅ ብቻ ገባ። አንዱን አጥብቆ ሌላውን መፈለግ ብረቱን ያጣምማል። መሃሉ በሜትር ተለክቶ ሲስተካከል ግራና ቀኝ እያፈራረቁ፣ ጉልበት በሚለካው ቁልፍ፣ ከብረቱ ጋር በመጣው ወረቀት ላይ በተጻፈው ልክ አጠበቁት። በመጨረሻም እያንዳንዱ ብሎን ላይ በነጭ ቀለም መስመር አሰመሩበት። መስመሩ ከተዛነፈ ብሎኑ ዞሯል ማለት ነው፤ ጎንበስ ብሎ ላየ ሰው ይታያል።

"100 ኪሎ ሜትር ከጎተትክ በኋላ ተመለስ" አሉኝ። ተመለስኩ። ሁለቱ ብሎኖች ትንሽ ተቀብለዋል። በብሩ ልክ የተሠራ ሥራ እንኳን ድጋሚ ይታያል።

4. ኳስ፣ ሰንሰለት፣ መብራት

ኳሱና ኳሱን የሚጎርሰው የተሳቢው አፍ አንድ ቁጥር መሆን አለባቸው። ገበያ ላይ 50 ሚሊ ሜትርም፣ 2 ኢንችም አለ፤ 2 ኢንች 50.8 ሚሊ ሜትር ነው። ከእነሱ የሚያንስም አለ። በዓይን አይለዩም፣ የተቀረጸውን አንብቡ። ትንሽ ኳስ በሰፊ አፍ ውስጥ ጉድጓድ ሲመታ ዘሎ ይወጣል። መፈተኛው ቀላል ነው፦ አፉን ቆልፋችሁ የተሳቢውን አንገት በክሪክ አንሱት። የመኪናው ኋላ አብሮ ከተነሳ ይዟል።

ሰንሰለት ሁለት ነው፤ ከአንገቱ ሥር ተጠላልፎ፣ ኳሱ ላይ ሳይሆን የጋንቾው ብረት ላይ ይታሰራል። ከኳሱ ቢያመልጥ አንገቱ መሬት ሳይነካ የተጠላለፈው ሰንሰለት ላይ ያርፋል። ለመታጠፍ የሚበቃ፣ መሬት የማይጎትት ርዝመት ይሁን። የኔ ተሳቢ ያን ቀን ሰንሰለት አልነበረውም።

መብራቱ በባለ 7 እግር ሶኬት ይወሰዳል፦ ግራና ቀኝ ፍሬቻ፣ የፍሬን መብራት፣ የኋላ መብራት። ፍሬቻ ስታበሩ የፍሬን መብራቱም አብሮ የሚርገበገብ ከሆነ መጀመሪያ የኔጌቲቩን ሽቦ እዩ፤ አብዛኛውን ጊዜ ችግሩ እዚያ ነው። ከእሸት መሸከም በኋላ ሁልጊዜ ማታ ነው የምንመለሰው፣ መብራት የሌለው ተሳቢ ከኋላ ለሚመጣ አይሱዙ አይታይም።

5. አጫጫንና አነዳድ

ከባዱ ጆንያ ከተሳቢው ጎማ ትንሽ ወደ ፊት ይሁን። ወደ ኋላ ከከበደ ኳሱን ወደ ላይ ያነሳዋል፣ ፍጥነት ስትጨምሩ ተሳቢው እንደ ውሻ ጅራት ይወዛወዛል። ተወዛወዘ ብላችሁ መሪ አታንቀጥቅጡ፣ ነዳጅም አትስጡ፤ እግራችሁን ከነዳጁ ላይ አንሱና ይርገብ።

የኳሱን ሸክም ለመለካት ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም። ጆንያ የምንመዝንበት ባስኩላ ላይ ኳሱ ባለበት ቁመት ልክ ግንድ አቁመን፣ የተሳቢውን አንገት እናሳርፍበታለን። 75 አካባቢ ካለ ጥሩ። 30 ካለ አንድ ጆንያ ወደ ፊት፣ 120 ካለ ወደ ኋላ። ሁለት ደቂቃ ነው።

ቁልቁለት በወጣችሁበት ማርሽ ይወረዳል። ማርሹ ከመውረድ በፊት ይቀየራል እንጂ መሃል ላይ አይደለም። እግር ፍሬን ላይ ተጭኖ የጊቤን ቁልቁለት የወረደ ሰው ታች ሲደርስ ፍሬኑ ግሎ እምቢ ሊለው ይችላል። ተሳቢው ላይ ደግሞ ሰው አይሳፈርም። ለአንድ ኪሎ ሜትርም ቢሆን።

6. ታዲያ ያዋጣል?

አሁን ወደ ሥራችን እንመለስ። በደንቡ ስንጭን ካሶኒው ላይ 6 ኩንታል (ለኳሱ ሸክምና ለጋንቾው ብረት አንዱን ቀንሱ)፣ ተሳቢው ላይ 4.7 ኩንታል፣ ድምር 10.7 ይሆናል። ያለ ተሳቢ 7 ነበር። በቀን 28 ኩንታል እሸት የሚያነሳ ሰው ያለ ተሳቢ አራት ምልልስ፣ በተሳቢ ሦስት ምልልስ ይሠራል። ትርፉ አንድ ምልልስ ነው። በአንድ ወቅት 60 ቀን ብትሠሩ 60 ምልልስ። የአንድ ምልልስ ነዳጅ፣ የሹፌርና የረዳት አበል ደምራችሁ በ60 አባዙ። ከዚያ ላይ ተሳቢው የሚጨምረውን ነዳጅ፣ ጎማና ኩሽኔታ ቀንሱ። የሚቀረው ቁጥር ለተሳቢና ለጋንቾ ልታወጡ የሚገባችሁ ጣሪያ ነው። ያላሰላሁት አንድ ትርፍ አለ፦ የመጨረሻው ጭነት ጣቢያ የሚደርሰው ሳይመሽ ነው፣ ያ ደግሞ ጥራት ነው።

ሦስት መኪና ላይ ሊያሳስር ለተነሳው ማኅበር ግን እንዲህ ብያለሁ፦ በቀን ከ80 ኩንታል በላይ የምታነሱና መንገዱም የሚያስገባ ከሆነ ኢሱዙ ተከራዩ፣ ተሳቢ አያወጣችሁም። ኢሱዙ የማይገባበትን ለፒክአፕ ተዉ።

ሁለት ማሳሰቢያ። አንደኛ፣ ጋንቾ ማሰር መኪናውን መለወጥ ነውና ከማሳሰራችሁ በፊት የተመዘገባችሁበት ትራንስፖርት ቢሮ ስለ ሊብሬው፣ ስለ ተሳቢው ሰሌዳና ስለ ቦሎው ጠይቁ፤ መድን ሰጪያችሁንም በጽሑፍ አሳውቁ። ሁለተኛ፣ እስካሁን ያወራሁት ከገበሬው እስከ ማጠቢያ ጣቢያ ስላለው እሸት ነው። የደረቀ ቡና የራሱ መሸኛና የማሸግ ሥርዓት አለው፣ በክፍት ተሳቢ ይዛችሁ ኬላ ላይ እንዳትቆሙ።

ልጁ አምና ወደ ሥራ ተመልሷል። እናቱ ጋ ሄጄ ለምኜ ነው። ብርድ ሲሆን እጁ ያመዋል። አሁን ጋቢና ነው የሚቀመጠው፤ ቦታ ካልበቃ ገበሬው ይቀራል፣ እሱ አይወርድም። ጠዋት ጠዋት ነጩን መስመር፣ ሰንሰለቱንና መብራቱን የሚያየው እሱ ነው። የዋጋ ማስታወሻ ደብተሬ ላይ፣ ከእሸት ዋጋ ጎን፣ የየጉዞውን የኳስ ሸክም በኪሎ ይጽፍልኛል። ትናንት 72 ነበር።

ማታ 1 ሰዓት በዋጋ እንገናኝ። መልካም ገበያ።